ስለ አንድ ጠርሙስ ትንፋሽ የተጠራ አውጫጭኝ

ሰኞ ጧት አቻምየለሽ ዐይኗን ስትገልጥ ጠርሙሱ የለም።

ጠርሙስ ይባል እንጂ ብረት ነው። ቁመቱ ከጎልማሳ ደረት ይደርሳል፤ ክብደቱ ከግማሽ ኩንታል ያልፋል። ጣሊያኑ ሐኪም «ኦሲጄኖ» ይለዋል። ተስፋው የሚባለው አስተርጓሚ፣ ቁስል ማጠቡንም መርፌ መቀቀሉንም ደርቦ የያዘው፣ «የትንፋሽ ጠርሙስ» ብሎ ተረጎመው፤ እናቶቹም ተቀበሉት። ከጫፉ ቀጭን የጎማ ቱቦ ይወጣል፤ ከቱቦው መጨረሻ ግማሽ ብርቱካን የምታህል ጭንብል አለች። ጭንብሏ የልጅ አፍና አፍንጫ ላይ ስትደፋ የጠቆረው ከንፈር ቀስ እያለ ይቀላል። አቻምየለሽ ይህን በዐይኗ አይታለች። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ የሆናት ልጇ ሀብትነሽ ቅዳሜና እሑድን ያለፈችው በዚያ ጠርሙስ ነው።

አሁን ግድግዳው ሥር የቀረው ጠርሙሱ የቆመበት ክብ አሻራ ብቻ ነው። ልጅቱ አፍንጫዋ ይከፈታል ይዘጋል፤ በጎድን አጥንቶቿ መሐል ያለው ሥጋ ትንፋሽ በሳበች ቁጥር ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል።

«ተስፋው፣ ጠርሙሱስ?» አለችው።

«እኔ ምን ዐውቄ።»

«አንተ ካላወቅህ ማን ሊያውቅ ነው? ቁልፉ ካንተ አንገት አይደለም ወይ?»

ተስፋው አንገቱን ዳበሰ። ቁልፉ አለ። «ቁልፍ ያለኝ እኔ ብቻ መሰልኩሽ?» አለና ወደ በሩ አየት አድርጎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ከጋራዡ ሁለት ሰዎች መጥተው ወሰዱት። የሬዚዴንቱ አልጋ ተሰብሯል።»

«አልጋም ሳል ይይዘዋል እንዴ?»

«የብረት አልጋ ነው። ብረት የሚበየደው በዚሁ ትንፋሽ ነው አሉ። የጋራዡ አልቆባቸዋል፤ ከደብረ ማርቆስ የሚመጣውን መኪና ዝናቡና አርበኛው ይዞታል። ከኔ እንዳልሰማሽ።»

ሬዚዴንት ማለት ቡሬን የሚገዛው ጣሊያን ነው። አልጋው ለምን እንደተሰበረ በቡሬ የማያውቅ የለምና እዚህ መድገም አያስፈልግም።

ጊዜው 1930 ዓ.ም. ሐምሌ ነው። ልጆቹ የተኙበት ቤት በጦሩ ሐኪም ቤት ጓሮ ያለ የእህል መጋዘን ነበር። እህሉ ለወታደር ቀለብ ሲሄድ ባዶ ቤት ቀረና «ለአገሬው ሕፃናት» ተብሎ ተመረቀ። በምረቃው ቀን ባንዲራ ተሰቅሏል፤ ብርድ ልብስ አልመጣም። ስምንት አልጋ ላይ ዐሥራ አንድ ልጅ ተኝቷል፤ ዐሥራ አንዱም የሚያስለው አንድ ዓይነት ሳል ነው። የቆርቆሮው ጣሪያ ዝናቡን በጆሮ ያስገባል፤ ቀዳዳዎቹ ደግሞ በአንገት።

ሐኪሙ መዝገብ አለው። በአንዱ ዐምድ የልጁን በሽታ፣ በአንዱ የበሽታውን ምክንያት፣ በመጨረሻው «ዳነ» ወይም «ሞተ» ብሎ ይጽፋል። ምክንያት በሚለው ዐምድ ከላይ እስከ ታች ያለው ነገር አንድ ነው፤ የጎጆ ጭስ። ሀብትነሽ የገባች ዕለት ሐኪሙ ብዕሩን ይዞ እናቲቱን በተስፋው በኩል ጠየቀ።

«ቤታችሁ ጭስ አለ ወይ? ይልሻል።»

«ቤት የለንም በለው።»

«ጭስ አለ ወይ ነው የሚልሽ።»

«ነበረ በለው። በግንቦት ወታደሮቹ ጎጇችንን ሲያቃጥሉት ብዙ ጭስ ነበረ። ከዚያ ወዲህ ገደል ሥር ዋሻ ነው የከረምን። እሳት ካነደድን አይሮፕላን ያየናል ብለን ጭስ የሚባል አላየንም። ቀዬው ሁሉ እዚያ ተፋፍጎ ኩፍኝ ገባብን። ኩፍኙ ለቀቃት፤ ሳሉ ያዛት።»

ተስፋው ይህን ሁሉ ሰምቶ ለሐኪሙ አንዲት ቃል ነገረው። ሐኪሙም ጻፈ፤ ጭስ።

የኛም ሰው ቢሆን ከደሙ ንጹሕ አይደለም። ልጅቱ ዋሻው ውስጥ ማሳል ስትጀምር «እንጥሏ ወርዶ ነው» ተባለና እንጥል ቆራጭ መጣ። ቆረጠ፤ ተመረቀ፤ ሄደ። ከዚያ በኋላ ልጅቱ አምስት ቀን ውሃ አልዋጠችም። እንዲህ ሁሉም የየድርሻውን ካደረገላት በኋላ ነው አባቷ ታከለ በጀርባው አዝሎ ቡሬ ያደረሳት።

ሐኪሙ ክፉ ሰው አልነበረም፤ የሚያናድደውም ይኸው ነው። ጠርሙሱ የት እንደሄደ ከማንም ቀድሞ ዐውቋል። ግን «አለቃዬ ወሰደብኝ» ብሎ ለአለቃው መጻፍ አልቻለም። ስለዚህ «አንድ ጠርሙስ ስለጠፋ ይፈለግልኝ» ብሎ ጻፈ፤ ፈረመ፤ ኅሊናውንም ከደብዳቤው ጋር አሽጎ ላከ። ሬዚዴንቱ ደብዳቤውን ሲያነብ ጠርሙሱ የሱን አልጋ ሁለተኛ እግር እየበየደ ነበር። የጠፋ ንብረት የማያፈላልግ ገዥ እንዳይባል ፊታውራሪ እንዳለውን አስጠራና «በአገራችሁ ሥርዓት ሌባውን አውጣ» አለው።

ፊታውራሪ እንዳለው ማዕረጉን የሰጠው ጣሊያን ነው። ከዚያ በፊት በቅሎ ነጋዴ ነበር፤ የበቅሎን ጥርስ አይቶ ዕድሜዋን ይናገራል፤ የሰውንም ፊት አይቶ ለማን እንደሚሰግድ። አውጫጭኝ አስነገረ።

አውጫጭኝ የማያውቅ ይኖር እንደሆነ፦ ንብረት ሲጠፋ የአገሩ ወንድ ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። ሌባው እስኪወጣ አራሽም ወደ እርሻው፣ ቄስም ወደ ቅዳሴው አይመለስም። ሦስት ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ይቀመጣሉ። ሰው ሁሉ በየተራው ምሎ ይቀርብና «ወፍ እንዲህ አለችኝ» ብሎ ያየውን ወይም የሰማውን ያንሾካሹካል። ወፏ ማን እንደሆነች አይጠየቅም። ጎረቤት ከጎረቤቱ ሳይቀያየም እውነት የሚወጣበት መልካም ሥርዓት ነው። እስከዚያ ሳምንት ድረስ ግን ወፏ በሬ ሌባ እንጂ አልጋ የሚያስበይድ ገዥ አውጥታ አታውቅም።

ማክሰኞ ጧት የአዋጅ ነጋሪው ድምፅ መጋዘኑ ድረስ ተሰማ። ታከለ ከልጁ አልጋ ሥር ተነሣ።

«ወዴት ነው?» አለችው አቻምየለሽ።

«ካልሄድኩማ ሌባው እኔ ልሆን ነው።»

«ሂድ እንግዲያ። ያለበትን ታውቃለህ፤ እኔ ነግሬሃለሁ። ተናገርና ጠርሙሱን አስመልስ። ሁለት ቀን አትቆይም፤ ሐኪሙም በአፉ ባይለው ፊቱ ነግሮኛል።»

ሜዳው ከጋራዡ ጀርባ ነው። ሁለት መቶ የሚሆን ወንድ ዝናብ ላይ ተቀመጠ። ሚስቱ የሞተችበት ልጁን ታቅፎ መጥቷል፤ ታቅፎ የመጣው ልጅ ያስላል፤ አጠገቡ ያለው ልጅ ደግሞ እስከ ማግስቱ ማሳል ይጀምራል። ከጋራዡ ቀዳዳ ሰማያዊ ብልጭታ ቦግ እልም ይላል። ሰው ሁሉ ጀርባውን ለብልጭታው ሰጥቶ ተቀምጧል። ሁለት መቶ ሰው በአጋጣሚ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ዞሮ ሲቀመጥ ያየ የቤተ ክርስቲያን ጸሎት ይመስለው ነበር።

ከሦስቱ ሽማግሌዎች አንዱ የደብሩ መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ ናቸው። መጀመሪያ የቀረበውን ሰው «ወፍ ምን አለችህ?» አሉት።

«ወፏ በዝናብ አትወጣም መሰለኝ መሪጌታ።»

ሁለተኛው፣ «እኔንስ ነግራኝ ነበር፤ በጣሊያንኛ ሆነብኝና አልገባኝም» አለ።

ሦስተኛው ብዙ ካሰበ በኋላ፣ «አምስት ልጆች አሉኝ» አለና ተመለሰ።

ቀኑ እንዲህ አለቀ። ረቡዕ ጧት ፊታውራሪ እንዳለው በበቅሎው መጥቶ ከሜዳው ዳር ቆመ። «ሌባ የማታወጡ ከሆነ ሁላችሁም ሌባ ናችሁ። እስከ መስከረም ልትቀመጡ ትችላላችሁ፤ እኔ ጥላ አለኝ» አለ።

መሪጌታ አረሙ እየበቀለ ያለውን የአገሩን ማሳ አሰቡ፤ ጠቁረው የተቀመጡትን ሰዎች አዩ። «ለመሆኑ እዚህ ያልመጣ ማን ነው?» አሉ።

«ዳኘው» አለ አንዱ። ዳኘው በመጋቢት ጠመንጃውን ይዞ ጫካ የገባ ሰው ነው።

«ዳኘው። እንግዲህ ዳኘው ሩቅ ነው። ቢያገኙት ለጠመንጃው እንጂ ለጠርሙስ አይሰቅሉት። ስሙ ቢጠራ የሚጨምርበት ነገር የለም።»

ሜዳው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ትከሻው ሲላላ ታየ። ታከለ ብቻ ተነሥቶ፣ «መሪጌታ፣ ዳኘው ወሰደው ካላችሁ ጠርሙሱን ከእንግዲህ ማን ይፈልገዋል?» አለ።

«አንተ ልጅ ጠርሙስ ጠርሙስ ትላለህ። እኛ የተጠራነው ሌባ እንድናወጣ ነው።»

«ልጄ በሱ ነው የምትተነፍስ።»

«ይማርልህ» አሉ መሪጌታ ከልባቸው። «ይማርልህ» አለ ሜዳው በሙሉ፤ እሱም ከልቡ ነበር። ቀጥሎ ሁሉም እየተነሣ ዛፉ ሥር ሄደ። ወፏ ለሁሉም ዳኘው ዳኘው አለች። የዳኘው ታላቅ ወንድም ሳይቀር፣ «ከልጅነቱም እጁ አያርፍም ነበር» ብሎ መሰከረ። የታከለ ተራ ደረሰ። ጋራዡን አየ፤ ፊታውራሪውን አየ። ዳኘው አለ።

ወደ የቤታቸው ሲበተኑ አንዱ፣ «ዳኘው እኮ አሁን ያን ብረት ተሸክሞ ነው የሚዋጋው» አለና ሳቁ። ሁለት ቀን ሙሉ ያልሳቁ ሰዎች ናቸው፤ ብዙ ሳቁ።

ታከለ መጋዘኑ ሲደርስ ቀትር ሆኗል። የልጅቱ ከንፈር እንደ በሰለ ዶቅማ ፍሬ ጠቁሯል።

«ወጣ» አላት ሚስቱን፣ ፊቷን ሳያይ።

«ጠርሙሱ?»

«ሌባው። ዳኘው ተባለ።»

«አንተስ ማን አልህ?»

«ሁሉም ሰው እኮ…»

«እኔን ያገባኝ ሁሉም ሰው አይደለም። አንተ ማን አልህ?»

ታከለ ወደ ልጅቱ አልጋ ጎንበስ አለ።

«ከሜዳችሁ እስከ ጋራዡ ስንት እርምጃ ነው?»

«አቻሜ…»

«ስንት እርምጃ ነው አልኩህ። ሁለት መቶ ሱሪ የታጠቀ ሰው ሁለት ቀን ሙሉ ብልጭታው ጀርባውን ሲሞቀው ውሎ ዳኘው አለ። እዚህ ዐሥራ አንድ ልጅ ሲያጣጥር እናንተ ሌባ አማርጣችሁ፣ የማይመጣውን መርጣችሁ፣ ሥራ እንደሠራ ሰው ተመራርቃችሁ ተለያያችሁ።» ልጅቱን አንሥታ እቅፉ ውስጥ አኖረችለት። «ደረቷን ቀና አድርገህ ያዛት። ይህን እንኳ ቻል።»

አጠገቧ ካለው አልጋ እናኑ ተነሣች። የስምንት ወር ወንድ ልጇ ዓለምብርሃንም ከሀብትነሽ የተሻለ አልነበረም። ልጇን ከታከለ አጠገብ ካለች አሮጊት እጅ አስቀመጠችና መቀነቷን አጠበቀች። «ብቻሽን አታነሽውም» አለች። እታለምና ወለተ ጊዮርጊስ የሚባሉ ሌሎች ሁለት እናቶችም ተነሡ። እታለም ከገበዝ ማርያም ድረስ ልጇን ያስመጣችበት ቃሬዛ በር ላይ ተደግፎ ነበር፤ እሱን ይዘው ወጡ።

ጣሊያን ምሳ ከበላ በኋላ ይተኛል። ጋራዡ በር ላይ የቀረው ዘበኛ የጣሊያን ልብስ የለበሰ ያገር ሰው ነው።

«ወዴት ናችሁ?»

«ሬሳ ልናወጣ» አለች አቻምየለሽ።

«ከጋራዥ?»

«ገና አልሞተም» አለች እናኑ። «ፈጥነን ካልወሰድነው ነው የሚሞተው።»

ዘበኛው አራቱን ሴቶች አየ፤ ባዶውን ቃሬዛ አየ። ከዚያ ወደ አጥሩ ዞረና መሽናት ጀመረ። ቡሬ ከተቆረቆረች ጀምሮ እንደዚያ የረዘመ ሽንት ተሸንቶ አያውቅም።

የሬዚዴንቱ አልጋ ጋራዡ መሐል ቆሟል። ሦስት እግሮቹ ተበይደው ያበራሉ። ጠርሙሱ ራስጌው አጠገብ ቆሞ ተኝቶ የሚነሣ ጌታ የሚጠብቅ አሽከር መስሏል። አጋድመው ቃሬዛው ላይ አሰሩት፤ የእታለምን ነጠላ አለበሱት፤ ተሸከሙት፤ ማልቀስም ጀመሩ። ማስመሰል አላስፈለጋቸውም። በገበያው ሲያልፉ ሰው ከተቀመጠበት ተነሣ። አንድ የጣሊያን ወታደር እጁን ወደ ግንባሩ አነሣ። ፊታውራሪ እንዳለው ሳይቀር ከበቅሎው ወረደ።

«የማን ልጅ ነው?» አለ።

«ያገሩ ሁሉ ነው ፊታውራሪ» አለች እናኑ።

«ነፍስ ይማር።»

ሐኪሙ ጠርሙሱን ሲያይ ምንም አልጠየቀም። እጁ ግን ፈጠነ። ቱቦውን ገጠመ፤ መለኪያውን አየ፤ ለተስፋው ነገረው።

«ጥቂት ነው የቀረው» አለ ተስፋው። «ሁለት ሰዓት ያህል ብቻ። የባሱት ሀብትነሽና ዓለምብርሃን ናቸው፤ ጭንብሉ አንድ ነው። ቶሎ ቶሎ ማቀያየር ለሁለቱም አይበጅም ይላል፤ አንዱ ሰዓት ላንዷ፣ አንዱ ሰዓት ላንዱ። ማን ይቅደም?»

አቻምየለሽ የልጇን እጅ ጨበጠች። እናኑ ሁለቱን ልጆች አየች። «የሷ ትቅደም» አለች። «ጥፍሯ ጠቁሯል።»

ያ ሰዓት እንዴት እንዳለፈ አቻምየለሽ ኋላም ማስታወስ አልቻለችም። የምታስታውሰው የሀብትነሽ ከንፈር መቅላቱን፣ የጎኗ ሥጋ መሰርጎዱ መቀነሱን፣ ከዚያም ልጅቱ ከአራት ቀን ወዲህ መጀመሪያ የሚሆን እንቅልፍ መተኛቷን ነው። ሰዓቱ ሲሞላ ጭንብሏን በገዛ እጇ አንሥታ ለእናኑ ሰጠች። እናኑ በልጇ ፊት ላይ ደፋችው።

አቡነ ዘበሰማያት ሦስት ጊዜ የሚደገምበት ጊዜ እንኳ አልሞላም። በሩ ተከፈተ። የጋራዡ መካኒክ፣ ሁለት ወታደሮች፣ ከኋላቸውም ፊታውራሪ እንዳለው። መካኒኩ ይጮኻል፤ ተስፋው ማንም ሳይጠይቀው ተረጎመው። «አራተኛው እግር ቀርቷል ይላል።»

ሐኪሙ ተነሥቶ በሩ ላይ ቆመ። ቆሞም ነበር። መካኒኩ ግን የሬዚዴንቱ ማኅተም ያለበት ወረቀት አወጣ። ሐኪሙ አነበበ፤ አጣጥፎ መለሰለት፤ ወደ ጎን ሄደ። አንድ ሰው ከመቆም ወደ አለመቆም ለመድረስ የሚፈጅበት ግማሽ ገጽ ወረቀት ነው።

አቻምየለሽ ጠርሙሱ ላይ ተጠመጠመች። ወታደሮቹ ጣቶቿን አንድ በአንድ ፈለቀቁ። በዚህ መሐል ታከለ ልጁን እንደታቀፈ ተነሣ።

«ፊታውራሪ» አለ። «በመሐላዬ ዋሽቻለሁ። ወፍ ጋራዥ ነው ያለችኝ። ይኸው ጠርሙሱ፤ ይኸው ወሳጆቹ። ሌባውን ያውጡልኝ።»

ፊታውራሪ እንዳለው ጠርሙሱን አየ። በቅሎ ሲገዛ እንደሚያየው፣ ረጋ ብሎ። «የጠፋው ጠርሙስ ጫካ ነው ያለው፣ ከዳኘው ጋር» አለ። «ሁለት መቶ ሰው የማለበት ነው። ይኸ ሌላ ጠርሙስ ነው። አውጫጭኙም ተዘግቷል፤ ከፈለግህ ሂድና መሪጌታን ጠይቅ።»

ቱቦውን ነቀሉ። ጠርሙሱን ሲያወጡት እናኑ አልጮኸችም። ጭንብሏ በእጇ ቀርታ ነበር፤ ምንም የማይወጣባትን ጭንብል ልጇ ፊት ላይ እንደያዘች ቆየች።

ዓለምብርሃን ፀሐይ ሳትገባ ሞተ። ሐኪሙ መዝገቡን ገለጠ፤ በሽታው የሳንባ ምች፣ ምክንያቱ የጎጆ ጭስ፣ ፍጻሜው ሞተ። ብዕሩን ምክንያት በሚለው ዐምድ ላይ ጥቂት እንዳቆመ ተስፋው ኋላ ተናግሯል። ይህን የተናገረው ለሐኪሙ አስቦ ነው፤ ለኔ ግን የባሰ ሆኖ ነው የሚታየኝ፤ ማቆም ይቻል እንደነበር ያሳያልና።

ሀብትነሽ በስድስተኛው ቀን እህል ቀመሰች። በስምንተኛው ከሐኪም ቤት ወጡ። ታከለ በቀጥታ ወደ ወንድሙ ቤት እንሂድ አለ። አቻምየለሽ አልሄደችም። ልጇን አዝላ እናኑ ወደተጠለለችበት ያክስቷ ቤት ሄደች። ለቅሶ የመጡ ወንዶች ደጅ ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ መሪጌታ ወልደ ዮሐንስም አሉ። «ልጅቱን ማረልሽ፤ ተመስገን ነው» አሏት። በመሐላቸው ስታልፍ አንዱ እግሩን ሰበሰበላት፤ ሌላው ዐይኑን ወደ መሬት ጣለ።

እናኑ ጥግ ይዛ ተቀምጣለች። አቻምየለሽ ደፍ ላይ ቆመች። ይረግመኛል ያለችው አፍ እስኪከፈት ጠበቀች፤ መረገምም ፈልጋ ነበር።

«ስጭኝ እስኪ» አለች እናኑ።

አውርዳ ሰጠቻት። እናኑ ልጅቱን ጭኗ ላይ አስቀመጠችና ጆሮዋን ከደረቷ ላይ ጣለች። ቀኙን አዳመጠች፤ ግራውን አዳመጠች። ልጅቱ ጸጉሯን እየያዘች ትጎትታለች። እናኑ ጆሮዋን ሳታነሣ ብዙ ቆየች።

«በቀኟ ገና ያንኮራፋል» አለች በመጨረሻ፣ ልጅቱን እየመለሰች። «ስታስተኛት ራሷን ከፍ አድርጊ። ብርድ እንዳታስነኪ።»

«እናኑ…»

«አሁን ሂጅ። ዛሬ ዐይኔ አይይሽ። ነገ ይዘሻት ነይ።»